«አንድ ጠበቃ ለሁለታችን ይበቃል» ሲባል

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር 11 ዓመት በትዳር ኖረናል። የ9 ዓመት ሴት እና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ትዳሩ እንዳበቃ ተነጋግረን ተስማምተናል፤ የከረረ ጠብ የለንም። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን ጓደኛው የሆነ ጠበቃ ያዘጋጀውን ባለ አንድ ገጽ የስምምነት ወረቀት አምጥቶ ‹ፈርሚ፣ አንድ ጠበቃ ለሁለታችን ይበቃል፣ ገንዘብ አናባክን› አለኝ። ወረቀቱ ልጆቹ ከእኔ ጋር እንደሚኖሩ፣ እሱ ‹በፈለገው ጊዜ› እንደሚያያቸው፣ ‹እንደ አቅሙም› እንደሚረዳ ይገልጻል። ቤቱ ለእኔ፣ መኪናውና ንግዱ ለእሱ ይሆናል። የቤቱ የባንክ ብድር በሁለታችን ስም ነው። ላስብበት ስለው ‹ክርክር ውስጥ ከገባን ያንቺ ገቢ ትንሽ ስለሆነ ዳኛው ልጆቹን ለእኔ ነው የሚሰጠው› አለኝ። እውነትም የምሠራው ግማሽ ቀን ነው፤ እሱ ከደመወዙ ሌላ የንግድ ገቢ አለው። አንዳንዴ ልጆቹን ይዤ ውጭ አገር ወዳለችው እኅቴ ልሂድ እላለሁ። ቀለቡን ካልከፈለስ? እንዳያያቸው መከልከል እችላለሁ? ጨንቆኛል።»

መልስ፦

ውድ እኅታችን፣

ወረቀቱን አሁን አይፈርሙ። ይህን የምንለው ባለቤትዎ ሊያታልሉዎት አስበዋል ብለን አይደለም። ሳትጣሉ ለመለያየት መቻላችሁ ለልጆቻችሁ ትልቅ ነገር ስለሆነ ሊጠበቅ ይገባዋል። ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። «በፈለገው ጊዜ» እና «እንደ አቅሙ» የሚሉት ቃላት ዛሬ ሰላም ስላለ ለስላሳ ሆነው ይታያሉ። ነገ አንዳችሁ ሥራ ስትቀይሩ ወይም ሌላ ትዳር ስትመሠርቱ ግን ለጠብ በር የሚከፍቱት እነዚሁ ቃላት ናቸው። ሰው ከፍቺ በኋላ ወደ ፍርድ ቤት የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ ስምምነቱ ዝም ባለበት ጉዳይ ነው።

ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጥዎት የሚኖሩበትን አገር ሕግ የሚያውቅ የቤተሰብ ጠበቃ ነው። እዚህ የምንጽፍልዎ የትም ቢሆኑ ከዚያ ጠበቃ ፊት ከመቀመጥዎ በፊት ቢያውቁት የሚጠቅምዎትን ነው።

አንድ ጠበቃ ለሁለት ሰው ስለመሆኑ። የእርስዎ ጥቅምና የባለቤትዎ ጥቅም በቀለቡ መጠንም በንብረቱ ክፍፍልም ይጋጫል። አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። ጠበቃ ደግሞ የደንበኛውን ጥቅም የማስጠበቅ ግዴታ አለበት፤ በሁለት ተቃራኒ ጥቅሞች መካከል ቆሞ ይህን ማድረግ አይችልም። ያ ወረቀት የባለቤትዎ ጠበቃ ወረቀት ነው። ጨዋ ሰው ቢሆኑም የእርስዎ ጠበቃ አይደሉም፤ ስለዚህ የሚነግሯቸውን ምስጢር ከባለቤትዎ ይደብቁልኛል ብለው አይጠብቁ። ሁለታችሁን በእኩል ሊያነጋግር የሚችለው ገለልተኛ አስማሚ ነው፤ አስማሚ ግን ለማንም ጥብቅና አይቆምም። ወጪው ካሳሰበዎ ጠበቃ ሙሉ ጉዳዩን እንዲይዝልዎ መቅጠር ግድ አይደለም። ብዙ ጠበቆች «ይህን ስምምነት አንብብልኝ፣ የጎደለውን በጽሑፍ ንገረኝ» ለሚል ውስን አገልግሎት ቁርጥ ያለ ክፍያ ይቀበላሉ። ጠብ በሌለበት ጉዳይ ይህ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

አሁን ወደሚያስጨንቅዎ እንምጣ። «ገቢሽ ትንሽ ስለሆነ ልጆቹ ለእኔ ይሰጣሉ» የተባለው በዚህ መልኩ ልክ አይደለም። የልጅ ቀለብ የሚባለው ነገር የተፈጠረው ገቢው ያነሰ ወላጅ ልጁን ማሳደግ እንዲችል ነው። ፍርድ ቤት ሚዛኑን የሚያነሳው ከልጁ ጥቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 3 የልጁ ጥቅም ቀዳሚ ግምት እንዲሰጠው ያዛል፤ አንቀጽ 9 ደግሞ ከአንዱ ወላጁ የተለየ ልጅ፣ ጥቅሙን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር፣ ከሁለቱም ጋር በቋሚነት የመገናኘት መብት እንዳለው ይገልጻል።

ይህ በተግባር ሲታይ ዳኛው የሚጠይቀው እንዲህ ዓይነት ነገር ነው። ጠዋት የሚያለብሳቸው ማነው? ሲታመሙ ጤና ጣቢያ የሚወስዳቸው ማነው? የልጅቱ አስተማሪ ሲደውሉ ስልኩን የሚያነሣው ማነው? ወንድምና እኅት አብረው መቆየት ይችላሉ? ትምህርት ቤቱና ሠፈሩ ሳይቀየር ይቀጥላል? ሌላም ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጥያቄ አለ፦ ከሁለቱ ወላጆች ልጁ ሌላኛውን እንዲወድና እንዲያገኝ ይበልጥ የሚፈቅደው የቱ ነው? ባለቤቱን በየመልእክቱ የሚሰድብ፣ ልጁን «አባትህ ጥሎህ ሄደ» የሚል ወላጅ በዚህ ጥያቄ ይወድቃል። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ነውና፣ ዛሬ በንዴት የሚልኩት የስልክ መልእክት ነገ ታትሞ መዝገብ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል እያሰቡ ይጻፉ።

ግማሽ ቀን መሥራትዎ ድክመት እንዳይመስልዎ። ምናልባት ሥራውን የቀነሱት ልጆቹን ለመንከባከብ ይሆናል፤ ከሆነ ይህን በግልጽ መናገር ይገባል። ማስረጃው ቀላል ነው። የክትባትና የሕክምና ካርዶች፣ የትምህርት ቤት ፊርማዎች፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ የመረካከቢያ መዝገብ ይበቃሉ። ምስክር ካስፈለገ በዓይናቸው ያዩ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች፣ ለምሳሌ አስተማሪ ወይም ቅርብ ጎረቤት፣ ከአሥር ዘመድ ይሻላሉ። ዘመድ ወደ ዘመዱ ማድላቱን ዳኛ ሁሉ ያውቃል።

«ልጆቹ ከእኔ ጋር ይሆናሉ» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን እንደሚደባልቅ ልብ ይበሉ። አንዱ ልጁ የት እንደሚኖርና በየትኛው ሌሊት የት እንደሚያድር ነው። ሌላው ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ቀዶ ሕክምናው፣ ስለ ሃይማኖቱና ስለ ፓስፖርቱ ማን ይወስናል የሚለው ነው። ልጆቹ በብዛት እርስዎ ዘንድ እየኖሩ ትላልቅ ውሳኔዎቹ የጋራ ሊሆኑ ይችላሉ። የጋራ ከሆኑ ግን ሳትስማሙ ስትቀሩ ምን እንደሚደረግ ይጻፍ፤ ለምሳሌ በ14 ቀን ውስጥ ካልተስማማችሁ አስማሚ ዘንድ እንደምትሄዱ፣ ድንገተኛ ሕክምና ከሆነ ደግሞ በሰዓቱ ልጁ አጠገብ ያለው ወላጅ እንደሚወስን።

የጊዜ ክፍፍሉን በሌሊት ቁጥር አስሉት፤ ያኔ ስሜት ሳይሆን ሒሳብ ይናገራል። አባት በየሁለት ሳምንቱ ከአርብ ማታ እስከ እሑድ ማታ ቢወስዷቸው በዓመት 26 ጊዜ ሁለት ሌሊት፣ ማለትም 52 ሌሊት ይሆናል። ይህ ከዓመቱ 14 በመቶ ያህል ነው። በየሳምንቱ አንድ የሥራ ቀን ሌሊት ቢጨመር 104 ሌሊት፣ ማለትም 28 በመቶ ይደርሳል። እኩል ይሁን ከተባለ ደግሞ «አንድ ሳምንት አንቺ፣ አንድ ሳምንት እኔ» ብቸኛው መንገድ አይደለም። ለ9 ዓመቷ ልጅ ሰባት ቀን ሊቻል ይችላል፤ ለ4 ዓመቱ ግን እናቱንም ሆነ አባቱን ሳያይ ሰባት ቀን መቆየት ረጅም ነው። ለትንሽ ልጅ ሁለት ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ሦስት ቀን እየተቀያየሩ መያዝ ይሻላል። በ14 ቀን ውስጥ ለእያንዳንዱ ወላጅ ሰባት ሌሊት ይደርሰዋል፣ ልጁም ከሦስት ቀን በላይ ከማንም አይለይም። ድካሙ ያለው ቤቶቹ ሲራራቁ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከሁለቱም ቤት በቀላሉ ካልተደረሰበት እኩል ክፍፍል በወረቀት ላይ ያምራል እንጂ ልጁን ያንገላታል። በብዙ አገሮች የሌሊቱ ቁጥር የቀለቡን መጠንም ይለውጣል፤ ስለዚህ «እኩል ይሁን» የሚለው ሐሳብ ሲቀርብልዎ ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ይነጋገሩ።

«በፈለገው ጊዜ ያያቸዋል» በሚለው ፈንታ እንዲህ ያለ አንቀጽ ይግባ፦ «አባት ልጆቹን በየሁለተኛው ሳምንት አርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ከትምህርት ቤት ይረከባል፤ እሑድ ከምሽቱ 12 ሰዓት በእናት መኖሪያ በር ያስረክባል። የመጀመሪያው አርብ ይህ ቀን ነው። ከ30 ደቂቃ በላይ የሚዘገይ ከሆነ አስቀድሞ በመልእክት ያሳውቃል።» ቀኑ ራሱ መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ ሳምንቱ የማን እንደሆነ ክርክር ይነሣል። በዓላቱ በስማቸው ይዘርዘሩ፤ በዚህ ዓመት የእናት የሆነው በዓል በሚቀጥለው ዓመት የአባት ይሁን፤ በዓል ከተራው ሳምንት ጋር ሲጋጭ የትኛው እንደሚቀድምም ይጻፍ። የትምህርት ቤት ዕረፍት፣ የልደት ቀን፣ የስልክ ጥሪ ሰዓት እንደዚሁ። ርክክቡ በተቻለ መጠን ትምህርት ቤት ላይ ይሁን። አንዱ ወላጅ ጠዋት ያደርሳል፣ ሌላው ከሰዓት ይወስዳል፤ ልጁ ሁለቱ በር ላይ ሲነታረኩ አያይም። ይህ ሁሉ ዝርዝር እንደ ጥርጣሬ ሊቆጠርብዎ ይችላል። ለባለቤትዎ ግን እንዲህ ቢሉ ይገባቸዋል፦ ስንስማማ ወረቀቱን መክፈት አያስፈልገንም፤ የጻፍነው ላልተስማማንበት ቀን ነው።

ቀለቡ ላይ ጊዜ ወስደን እንቆይ፤ ሰው በብዛት የሚጎዳው እዚህ ነውና። አገሮች ቀለብን የሚያሰሉት በዋናነት በሦስት መንገድ ነው። አንዳንዱ ሕግ ከከፋዩ ገቢ የተወሰነ መቶኛ ይቆርጣል። ሌላው የሁለቱን ወላጆች ገቢ ደምሮ የልጁን ወጪ እንደየድርሻቸው ያካፍላል። ሌላው ደግሞ ቀመር የለውም፤ ዳኛው የልጁን ፍላጎትና የከፋዩን አቅም አመዛዝኖ ይወስናል። በሦስቱም ዘንድ እውነተኛው ገቢ ወሳኝ ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ደግሞ የልጁ እውነተኛ ወጪም ይወስናል።

ሁለተኛውን መንገድ በምሳሌ እንየው። እርስዎ በወር 30 ሺህ፣ ባለቤትዎ በደመወዝ 70 ሺህ ያገኛሉ እንበል፤ የልጆቹ ወጪ ደግሞ 40 ሺህ ይሁን። ድርሻዎ 30 በመቶ፣ የእሳቸው 70 በመቶ ስለሆነ እሳቸው 28 ሺህ፣ እርስዎ 12 ሺህ ትሸፍናላችሁ። አሁን የንግዱ ገቢ 50 ሺህ ተጨምሮ ይታሰብ። የእሳቸው 120 ሺህ፣ ጠቅላላው 150 ሺህ ይሆናል። የእርስዎ ድርሻ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል፤ እሳቸው 32 ሺህ፣ እርስዎ 8 ሺህ ይደርሳችኋል። በወር የ4 ሺህ፣ በዓመት የ48 ሺህ ልዩነት ማለት ነው። የ4 ዓመቱ ልጅ 18 እስኪሞላው ያለውን 14 ዓመት ሲያስቡት የንግዱ ገቢ «ለእሱ ይሁን» ተብሎ በአንድ መሥመር የሚታለፍ ነገር አይደለም።

የልጆቹን ወጪ የሚያሰሉት በአንድ ወር ደረሰኝ አይሁን። የዓመቱን ይደምሩና ለ12 ያካፍሉ። ሰው ምግብና የትምህርት ክፍያ ይጽፋል፤ የሚረሳው በየመንፈቁ የሚጠብ ጫማ፣ የዓመቱ መጀመሪያ ደብተርና የደንብ ልብስ፣ የጥርስ ሕክምና፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚከፈለው ጠባቂ፣ የትራንስፖርትና የመብራት ድርሻ ነው። ለቤት ወጪው ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ልዩነቱ ነው፦ ብቻዎን ቢኖሩ የሚበቃዎ ቤት ኪራይና ከሁለት ልጆች ጋር የሚያስፈልግዎ ቤት ኪራይ ሲቀናነሱ የቀረው የልጆቹ ነው። ቁጥሩን አያጋኑ። አንድ የተጋነነ መሥመር ሲገኝ ዳኛው ሌሎቹን ሃያ መሥመሮችም ይጠራጠራል።

የባለቤትዎን ገቢ በተመለከተ የደመወዝ ማስረጃ ብቻ አይበቃም። የ12 ወር የባንክ እንቅስቃሴ፣ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት የግብር ማስታወቂያ፣ የንግዱ መዝገብ ይጠየቃል። ልምድ ያላቸው ጠበቆች ቶሎ የሚፈልጉት አንድ ሌላ ሰነድ አለ፤ እሱም የቤቱን ብድር ስትወስዱ የሞላችሁት የባንክ ማመልከቻ ነው። ሰው ለግብር ገቢውን ዝቅ፣ ለብድር ከፍ አድርጎ የመጻፍ ልማድ አለውና ሁለቱ ሲነጻጸሩ ብዙ ይናገራሉ። በጋራ የምትጠቀሙበትንና በስምዎ ያለውን ሰነድ ኮፒ ያድርጉ። የባለቤትዎን ስልክ ወይም ኢሜይል ሰብረው ግን አይግቡ። እንዲህ የተገኘ ማስረጃ ውድቅ ሊደረግ ይችላል፣ በብዙ አገርም እርስዎን በወንጀል ያስጠይቃል። ያልደረሱበትን ጠበቃዎ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከባንኩና ከአሠሪው ያስመጣል።

የቀለብ አንቀጹ መጠኑን በአኃዝና በፊደል፣ የሚከፈልበትን ቀን፣ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ ይያዝ። እጅ በእጅ አይሁን፤ ያለ ደረሰኝ የተሰጠ ገንዘብ ከዓመት በኋላ ለከፋዩም ለተቀባይዋም መዘዝ ነው። የትምህርት ክፍያውን አባት በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይክፈሉ ከተባለ ያ ከቀለቡ ላይ ይታሰባል ወይስ ከቀለቡ በተጨማሪ ነው? ይጻፍ። ድንገተኛ የሕክምና ወጪ በስንት በመቶ እንደሚካፈል፣ ደረሰኙ በስንት ቀን ውስጥ ተልኮ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚከፈል ይጻፍ፤ ለምሳሌ 30 ቀን። መጠኑ በየዓመቱ ከኑሮ ውድነቱ ጋር እንዴት እንደሚስተካከል ካልተጻፈ ዛሬ በቂ የሆነው ቀለብ በአምስት ዓመት ውስጥ ሟሙቶ ያገኙታል። የሚያበቃበትም ይጻፍ፤ 18 ዓመት ሲሞላቸው ነው ወይስ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ?

ሁለት ነገር እንጨምር። «ልጆቹን እኔ ልያዝ እንጂ ገንዘቡን አልፈልግም» ብለው ለሰላም ሲሉ እንዳይተዉት። ቀለቡ የልጆቹ መብት ስለሆነ በብዙ አገሮች እናት ብትተወውም ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ስምምነት ላያጸድቅ ይችላል። ደግሞም አይዘግዩ። ብዙ ፍርድ ቤቶች ቀለብን የሚቆጥሩት አቤቱታው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ያለፈው ወር አይመለስም። ዋናው ጉዳይ ሳይወሰን የሚሰጥ ጊዜያዊ ትእዛዝ የሚባል ነገር ስላለ ልጆቹ የት እንደሚቆዩና በወር ስንት እንደሚከፈል ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ እንዲወሰን መጠየቅ ይቻላል።

ካልከፈሉስ? አይከልክሏቸው። ይህ ከደብዳቤዎ ሁሉ በጥብቅ የምንመልሰው ጥያቄ ነው። ቀለብና መገናኘት ሁለት የተለያዩ መብቶች ናቸው፤ ሁለቱም የልጁ ናቸው። እርስዎ ሲከለክሉ ያልከፈለው ሰው ቅሬታ አቅራቢ፣ እርስዎ ትእዛዝ የጣሱ ይሆናሉ። ትክክለኛው መንገድ የአፈጻጸም አቤቱታ ነው፦ ከደመወዝ እንዲቆረጥ፣ ከባንክ ሒሳብ እንዲያዝ፣ ንብረት እንዲታገድ። ይህ የሚሆነው ግን አኃዝና ቀን ያለው ውሳኔ ሲኖር ብቻ ነው። «እንደ አቅሙ» የሚል ውሳኔ ይዞ ወደ አፈጻጸም የሄደ ሰው «ስንት ነው የምናስከፍልልሽ?» ተብሎ ይመለሳል። በተቃራኒው ባለቤትዎ ሥራ ቢያጡ በራሳቸው ሥልጣን መክፈል ማቆም አይችሉም፤ በዚያው ሳምንት መጠኑ እንዲሻሻል ማመልከት አለባቸው። እስኪሻሻል ድረስ ውዝፉ ይቆጠራል። ይህን እሳቸውም ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

ወደ እኅትዎ ስለመሄድ። ያለ ባለቤትዎ የጽሑፍ ስምምነት ወይም ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ልጆቹን ከአገር አያውጡ። እ.ኤ.አ. በ1980 በሄግ የወጣው የልጆች ዓለም አቀፍ ጠለፋ ስምምነት ዕድሜያቸው ከ16 በታች የሆኑና ያለ አግባብ ከቋሚ መኖሪያቸው የተወሰዱ ልጆችን ይመለከታል። በአባል አገሮች መካከል አቤቱታው በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀረበ፣ በስምምነቱ ውስጥ ያሉት ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች ካልተሟሉ በቀር፣ ልጁ ወደነበረበት አገር እንዲመለስ ይታዘዛል። ስምምነቱ የማይሠራበት አገር ቢሆንም ተመልሰው በሚመጡበት ቀን ልጆቹን ለብቻዋ ያሸሸች እናት ተብለው ከዳኛ ፊት ይቆማሉ፤ አሁን ያለዎትን ጠንካራ ቦታ በገዛ እጅዎ ያፈርሱታል። ለጉብኝት መሄድ ግን መብትዎ እንዲሆን በስምምነቱ ላይ ያስጽፉ፦ ከጉዞው 30 ቀን በፊት ቀኑንና የመመለሻ ትኬቱን እንደሚያሳዩ፣ ፓስፖርቶቹ ማን ዘንድ እንደሚቀመጡ።

ከቤትም ቢሆን ልጆቹን ትተው አይውጡ። ለጥቂት ሳምንት ብለው የወጡበት ሁኔታ «ልጆቹ የለመዱት ይህን ነው» ለሚል ክርክር መነሻ ይሆናል። በደብዳቤዎ አልጠቀሱትም እንጂ ቤት ውስጥ ዱላ ወይም ማስፈራራት ካለ ይህ ሁሉ ቅደም ተከተል ይለወጣል። ልጆቹን ይዘው ወደ ደኅና ቦታ ይሂዱ፣ ለፖሊስ ያሳውቁ፣ ጠበቃው የጥበቃ ትእዛዝ እንዲጠይቅልዎ ያድርጉ፤ የፊት ለፊት ድርድርም ይቅርብዎ።

ስለ ንብረቱ በአጭሩ። «ቤቱ ለእኔ» ማለት ከነዕዳው ከሆነ የቤቱ ዋጋ ማለት ከግምቱ ላይ ገና ያልተከፈለው ብድር ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ንግዱም መኪናውም ተገምቶ ጎን ለጎን ካልተቀመጠ እኩል መሆኑን ማወቅ አይችሉም። በግማሽ ቀን ደመወዝ የወሩን የብድር ክፍያ መቻልዎን ደግሞ ከወዲሁ ያስሉት። ከሁሉ በላይ የፍቺ ውሳኔ ባንኩን አያስገድደውም። ውሳኔው «ዕዳውን እሷ ትክፈል» ወይም «እሱ ይክፈል» ቢል እንኳ ሁለታችሁም የፈረማችሁበት የብድር ውል እንዳለ ይቆያል፤ አንዱ ካቆመ ባንኩ ሌላውን ይጠይቃል። ስለዚህ ባንኩ አንዳችሁን ከውሉ በጽሑፍ እንዲያሰናብት፣ ወይም ብድሩ በአንድ ስም እንዲታደስ የጊዜ ገደብ ያለው አንቀጽ ያስፈልጋል። ለባለቤትዎ የሰጡት ጠቅላላ ውክልና ካለም ለጠበቃዎ ያሳዩ፤ መሻር ካለበት ቶሎ ይሻር።

ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ የጋብቻ ማስረጃውን፣ የልጆቹን የልደት የምስክር ወረቀት፣ ያን ባለ አንድ ገጽ ወረቀትና ሦስት እርስዎ የጻፏቸውን ገጾች ይያዙ። አንደኛው የትዳሩ የጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ መቼ ተጋባችሁ፣ መቼ ምን ተገዛ፣ መቼ ሥራ ቀነሱ። ሁለተኛው የንብረትና የዕዳ ዝርዝር ነው፤ ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ካለ ለይተው ያመልክቱ። ሦስተኛው የልጆቹ የዓመት ወጪ ነው። ጠበቃ የሚከፈለው በሰዓት ከሆነ ይህ ዝግጅት ብዙ ሰዓት ያተርፍልዎታል። የሚያሳፍርዎ ነገር ካለ መጀመሪያ ለእሱ ይንገሩት፤ አስቀድሞ ያወቀውን ጉዳይ መከላከል ይችላል፤ ችሎት ላይ ከተቃራኒ ወገን የሰማውን ግን አይችልም።

እርስዎም ይጠይቁት። ችሎት ላይ ራስዎ ነዎት ወይስ ረዳትዎ የሚቆመው? ክፍያው ለጉዳዩ በሙሉ ነው ወይስ በሰዓት? ይግባኝና አፈጻጸም በውስጡ አለ? የእኔ ጉዳይ ደካማው ጎን የቱ ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ «ምንም ደካማ ጎን የለውም» ብሎ የሚመልስ፣ «ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚል፣ ወይም ባልዎን ባልሠሩት ወንጀል እንዲከሱ የሚመክር ጠበቃ ካጋጠመዎ አመስግነው ይውጡ። የክፍያ ውሉን በጽሑፍ ይያዙ።

ልጆቹን በሚመለከት፣ የ9 ዓመት ልጅዎ ዳኛ ወይም ባለሙያ ዘንድ ቀርባ ሐሳቧን ልትጠየቅ ትችላለች። የመሰማት መብት አላት፤ የመምረጥ ሸክም ግን ሊጫንባት አይገባም። ምን እንደምትል አያስጠኗት፤ የተጠና ቃል ቶሎ ይታወቃል፣ ልጅቱም ለዓመታት የአንዱን ወላጅ ቂም ተሸክማ ትኖራለች። ሁለታችሁ አብራችሁ ንገሯቸው፤ መለያየቱ የተወሰነ ቀን ሲኖረው፣ የት እንደሚተኙና ማን ከትምህርት ቤት እንደሚወስዳቸው መመለስ ስትችሉ። ትንሹ ደጋግሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነውና በዚያው መልስ ደጋግማችሁ መልሱለት።

ለባለቤትዎ ዛሬ ማታ መልስ መስጠት ከፈለጉ ይህን ያህል ይበቃል፦ «ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። በስምምነት መጨረሱን እኔም እፈልጋለሁ። የራሴ ጠበቃ እንዲያየው ሰጥቼ በሦስት ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ እመልስልሃለሁ። እስከዚያ የልጆቹ ነገር እንደ ወትሮው ይቀጥል።»